ማንም ገብቶ የማያየውን ሃንጋር ለማን ብለን ነው የምናቆየው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል፣ እዚህ ላውጣው።

የድሮ ቤተ መንግሥት ወይም የድሮ ባቡር ጣቢያ ቅርስ ተብሎ ሲጠበቅ ይገባኛል። ሰው ይሄዳል፣ ያያል፣ ልጁን ይዞ ይገባል። የጦር አየር ምድብ ግን በሩ ላይ ጠባቂ ቆሟል። ውስጥ ያለውን የድሮ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ)፣ የመቆጣጠሪያ ማማ፣ የወታደር መኖሪያ ሲቪል አያየውም። ታዲያ ለማን ነው የሚጠበቀው? የምድቡ ሥራ ማብረር ነው። ለጣሪያ ጥገና የወጣ ገንዘብ ለሌላ ሥራ አይውልም።

ሐሳቤ አጭር ነው። ጥሩ ፎቶ ይነሣ፣ ሕንፃው ተለክቶ ንድፉ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይፍረስ። አይሆንም የምትሉ ምክንያታችሁን አምጡ። «ያሳዝናል» ማለት ግን ምክንያት አይደለም።

ከመልሶቹ በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ፣ ማለትም ይህ የመድረክ ውይይት፣ ስለረዘመ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተመለሰውን ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ የራሴንም ጣል ማድረጌ አይቀርም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። የጀመረልን ጨዋ ሰው ነው። ሁለት ጥያቄ እንዳቀላቀልኩ በትሕትና ነገረኝ። ሕንፃው ታሪካዊ ዋጋ አለው ወይ የሚለው አንድ ነው፤ ይቆይ ወይስ ይፍረስ የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው በማስረጃ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ውሳኔ ነው። ምሳሌ ያደረገው የአሜሪካን አሠራር ነው። እዚያ የ1966ቱ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አለ። አንቀጽ 106 ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ጦሩም ጭምር፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በታሪካዊ ቦታ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጤን ያስገድዳል። ማፍረስን ግን አይከለክልም። አንቀጽ 110 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በእጁ ያሉትን ታሪካዊ ሕንፃዎች ራሱ ፈልጎ እንዲለይ ያዛል። ሕንፃ በብሔራዊ የታሪክ መዝገብ እንዲገባ የሚታዩት መለኪያዎች አራት ናቸው፦ ከትልቅ የታሪክ ክስተት ጋር መያያዝ፣ ከታወቀ ሰው ጋር መያያዝ፣ የግንባታ ወይም የንድፍ ብልጫ፣ ወደፊት እውቀት የመስጠት አቅም። እንደ ደንቡ ሕንፃው 50 ዓመት መሙላት አለበት። ያልሞላው ለየት ያለ ትልቅ ዋጋ እንዳለው መታየት ይኖርበታል። ከአራቱ አንዱም ስንት ጎብኚ ይመጣል ብሎ አይጠይቅም ብሎ ዘጋ። ነካ አደረገኝ።

መልስ 2። ከኔ ጋር ነው። ሁለት መስመር ብቻ። ጣሪያው የሚያፈስ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስለ ቅርስ ቢሰብኩት አይሰማም ይላል። እውነት አለው።

መልስ 3። ቴክሳስ ውስጥ ያለውን የራንዶልፍ አየር ምድብ አመጣ። የምድቡ መንገዶች በክብ የተነደፉ ናቸው፤ ንድፉን ያወጣው ሃሮልድ ክላርክ የተባለ ሻምበል ነው። መሐል ላይ ሕንፃ 100 ይቆማል። ሰዉ ሁሉ «ታጅ ማሃል» ነው የሚለው። ጉልላት ያለው ነጭ ማማ ነው፣ 1931 አካባቢ ተሠርቶ እስካሁን ቢሮ ነው። ጸሐፊው ማማው ለጌጥ ብቻ የቆመ ነው፣ ግን ያምራል አለ። ወታደር በድሮ ጊዜ ለማማር ገንዘብ ያወጣ ነበር ብሎም ተደነቀ።

መልስ 4። ቶሎ አረመው። ማማው ጌጥ አይደለም፣ ውስጡ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። 500,000 ጋሎን ይይዛል፣ ወደ 1.9 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ምድቡ ውኃ ያስፈልገው ነበር። የውኃ ጋን መሐል ሜዳ ላይ ተገትሮ እንዳያስጠላ ቢሮውን ከሥሩ አድርገው ማማ አለበሱት። ክላርክንም አረመ፤ ሻምበል ሳይሆን መቶ አለቃ ነበር። እርማቱ ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር፣ መልስ 3 ግን አመስግኖ አለፈ። ከዚህ ክር ውስጥ እንዲህ በሰላም ያለቀ እርማት ይህ ብቻ ነው።

መልስ 5። የኔን ሐሳብ ፊት ለፊት የገጠመው ይሄ ነው። ሃዋይ፣ ሂካም። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ሲመቱ ሂካምንም መቱ። የዚያን ጊዜው ትልቁ የወታደር መኖሪያ ዛሬ የአሜሪካ አየር ኃይል የፓስፊክ ዕዝ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት የጥይትና የፍንጣሪ ምልክቶች እንዳሉ ተትተዋል፣ ሆን ተብሎ። ጸሐፊው አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። እዚያ ጠዋት ጠዋት ቢሮ የሚገባው መኮንን ተመልካች አይደለም ወይ? ቅርስ ቲኬት ለቆረጠ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?

እዚህ ላይ በቂ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ሆኖም ጥይት የበሳው ግድግዳ በሁሉም ምድብ አይገኝም።

መልስ 6። ቀዳዳው ውስጥ ዝናብ ገብቶ ብረቱን አያዝገውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ኮንክሪት በምን እንደሚታሸግ ሁለት ሰዎች መከራከር ጀመሩና ወደ ሌላ ክር ተወሰዱ።

መልስ 7። ያልጠበቅኩት ድጋፍ ነው። እኔ ያልኩት ነገር በተግባር ተሠርቷል ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በየጦር ሰፈሩ እጅግ ብዙ የእንጨት ሕንፃ በጥድፊያ ሠራች። ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ ታስበው ነበር፣ ግን ከርመው ከርመው አላፈርስ አሉ። በ1986 ለመላው አገሪቱ አንድ ስምምነት ተፈረመ። ከ1939 እስከ 1946 የተሠሩት ጊዜያዊ ሕንፃዎች ዓይነታቸው ይጠናል፣ ናሙናው በፎቶና በንድፍ ይመዘገባል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው መከራከር ሳያስፈልግ መፍረስ ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ አሠራር ለሌሎችም መጣ። በ2004 የአየር ኃይሉ የ1950ዎቹ የቤተሰብ መኖሪያዎች፣ በ2006 ደግሞ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የወታደር ማደሪያዎችና የጥይት መጋዘኖች በዚሁ መንገድ ታዩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአንድ ንድፍ ሺህ ጊዜ የተገለበጠን ሕንፃ ሺህ ጊዜ መገምገም የሰውም የገንዘብም ብክነት ነው።

መልስ 8። ቁጣው ከዚህ ይጀምራል። ወረቀት ሕንፃ አይደለም አለ። ምሳሌው ጥሩ ነው፣ አልደብቅም። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ፒየር ሉዊጂ ኔርቪ በ1930ዎቹ ለጣሊያን አየር ኃይል ኦርቪየቶ ላይ ሃንጋሮች ሠራ። ጣሪያቸው በሰያፍ የሚጠላለፍ የኮንክሪት መረብ ነበር። በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ አፈነዷቸው። ዛሬ ያለን ፎቶና ንድፍ ብቻ ነው። በግንባታ ታሪክ የሚታወቁ ሥራዎች ሆነው አንድም ሰው ከሥራቸው ቆሞ ሊያያቸው አይችልም። ከዚያ አንተ ጀርመኖቹ ያደረጉትን በፈቃድ ወረቀት አድርግ ነው የምትለው ብሎኝ አረፈ።

እሺ፣ ይሄ በዛ። ማንም ኔርቪን አፍርሱ አላለም።

መልስ 9። የክሩ ትልቁ መልስ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ እሰጠዋለሁ። የጻፉት በጦር ምድቦች ሕንፃ ሲገመግሙ እንደቆዩ የነገሩን ሰው ናቸው። የመልስ 8ን ቁጣ ሳይነኩ አልፈው በቀጥታ ወደ ሥራው ገቡ።

አንደኛ፣ በንብረት መዝገቡ ላይ ያለውን የግንባታ ዓመት አትመኑ ይላሉ። ብዙ ጊዜ መዝገቡ ሲታደስ የተሞላ ቁጥር ነው። የሕንፃ ቁጥርም ይቀየራል። አንዱ ሕንፃ በሦስት ካርታ ላይ ሦስት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። መታመን ያለበት ዋናው ንድፍ፣ በየዘመኑ ከአየር የተነሣ ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ ወለሉ ራሱ ነው። የሃንጋር ወለል ብዙ ያወራል። የድሮ ተንሸራታች በር ሐዲድ በኮንክሪት ተደፍኖም ቢሆን መስመሩ ይታያል። በሩ መቼ እንደሰፋ፣ የትኛው ግድግዳ በኋላ እንደመጣ ከዚያ ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ሕንፃው ዋጋ አለው ከተባለ በኋላ ያንን ዋጋ አሁንም ይዞታል ወይ የሚለው ይመጣል። የአሜሪካው መዝገብ ሰባት ነገር ይመለከታል፦ ቦታው፣ ንድፉ፣ አካባቢው፣ ቁሱ፣ የእጅ ሥራው፣ የሚያሳድረው ስሜትና ከታሪኩ ጋር ያለው ትስስር። ሰዎች ይህን እንደ ፈተና ነጥብ ይደምሩታል፣ ስህተት ነው ይላሉ። መጀመሪያ ሕንፃው ለምን እንደሚፈለግ ማወቅ አለብህ። ቆርቆሮው ሁሉ የተቀየረ ሃንጋር በብረት ማዕቀፉ ከተፈለገ ምንም አልጎደለበትም። አንድ ቀን በተደረገ ታሪካዊ በረራ ከተፈለገ ደግሞ የዚያን ቀን መልኩን ይዟል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ያው ሕንፃ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ሁለት መልስ።

ሦስተኛውን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። አየር ምድብ ውስጥ ሕንፃ ለብቻው አይገመገምም። የሃንጋሮቹ ረድፍ፣ ፊታቸው ያለው የአውሮፕላን ማቆሚያ፣ መንደርደሪያው፣ ማማው፣ ጥይት መጋዘኑ ለምን ራቅ ብሎ እንደተሠራ፣ የመኮንኖቹ ቤት ለምን ከተራው ወታደር ቤት እንደተለየ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚነበበው። ለብቻው ሲታይ ምንም የማይመስል መጋዘን ከረድፉ ሲነቀል ረድፉ ይበላሻል።

በመጨረሻ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሕንፃዎች አነሡ። ከውጭ መስኮት የሌለው ተራ የኮንክሪት ሳጥን ነው። ታሪኩ ውስጡ የተሠራው ሥራ ነው፣ ሥራው ደግሞ ምስጢር ነበር። ስለዚህ እዚያ የሠሩትን ሰዎች በሕይወት እያሉ ማናገር ግድ ነው። ፎቶ ብቻ ካነሣህ ያነሣኸው የሳጥን ፎቶ ነው። ይህችኛዋ ለእኔ የተላከች መሆኗ ገብቶኛል።

መልስ 10። ስለ መርዝ አነሣ። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሞፌት ምድብ «ሃንጋር አንድ» በ1933 የተሠራ የአየር መርከብ (በጋዝ የሚንሳፈፍ ግዙፍ በራሪ) ቤት ነው። 345 ሜትር ያህል ይረዝማል። አክሮን የተባለችው የአየር መርከብ ታድርበት ነበር አለ። ችግሩ የብረት አጥንቱን የሚሸፍነው ልባስ ነው። ውስጡ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል፣ እርሳስና አስቤስቶስ ተገኘ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ልባሱ ተገፎ በ2012 የብረት አጥንቱ ብቻ ቀረ። በ2014 የጉግል ቅርንጫፍ የሆነ ድርጅት ቦታውን ለ60 ዓመት ተከራየ፣ ሃንጋሩንም መልሶ ሊያለብስ ግዴታ ገባ። ጸሐፊው ይህን እንደ ድል ነው ያቀረበው። እኔ ግን ግዙፍ ኩባንያ ተከራይ ላላገኘው ሃንጋር ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅኩ። አልመለሰልኝም።

መልስ 11። አክሮን አይደለችም፣ ማኮን ናት። አክሮን ሃንጋሩ አገልግሎት ሳይጀምር በሚያዝያ 1933 ባሕር ውስጥ ወድቃለች። ማኮንም በ1935 ወደቀች። በተጨማሪ ሞፌት የባሕር ኃይል እንጂ የአየር ኃይል ሥራ አልነበረም ብሎ ከርዕስ ወጥታችኋል ሊለን ቃጣው። የባሕር ኃይል አየር ምድብም አየር ምድብ ነው።

መልስ 12። ለጥያቄዬ መልሱ ከዚህ መጣ፣ መራራ ቢሆንም። ቱስቲን፣ እዚያው ካሊፎርኒያ። በ1942 ሁለት ግዙፍ የአየር መርከብ ሃንጋሮች በእንጨት ተሠሩ፣ ብረት ለጦርነቱ ይፈለግ ስለነበር። በ1975 በብሔራዊ የታሪክ መዝገብ ገቡ። ምድቡ በ1999 ተዘጋ። ሃንጋሮቹ ቆሙ፣ ቆሙ፣ ቆሙ። በኅዳር 2023 ሰሜናዊው ተቃጠለ። እሳቱ ቶሎ አልጠፋም፣ አስቤስቶስ ያለበት ፍርስራሽ በየሰፈሩ በረረ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጸሐፊው መዝገብ ላይ መግባት ጣሪያ አይጠግንም አለ። ከእነዚህ መልሶች አንዱን አትሞ ግድግዳ ላይ ስቀል ብባል ይሄንን ነበር።

መልስ 13። ከዚያው ተነሥቶ ታዲያ ሁሉም ይፍረስ አለ። የኔን ሐሳብ ከኔ በላይ አከረረው። መልስ 8 ተመልሶ መጣና ቃል ተለዋወጡ፤ ያን አልዘግብም። መልስ 14 ስለ ሂሊየምና ሃይድሮጅን ነው፣ ከሕንፃ ጋር አይገናኝም።

መልስ 15። እንግሊዝ፣ ግሪንሃም ኮመን። በ1980ዎቹ ኒውክሌር የሚሸከሙ 96 ክሩዝ ሚሳይሎች እዚያ እንዲቀመጡ ተደርጎ በአፈር የተሸፈኑ ግዙፍ የኮንክሪት መጠለያዎች ተሠሩ። ከ1981 ጀምሮ ሴቶች አጥሩ ሥር የተቃውሞ ሰፈር መሠረቱ፣ እስከ 2000 ቆየ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1987 በፈረሙት ስምምነት ሚሳይሎቹ ተነሡ። መጠለያዎቹ በ2003 በሕግ የተጠበቁ ሐውልቶች ተባሉ። ጸሐፊዋ የምትጠይቀው ሕንፃው የማንን ታሪክ ነው የሚናገረው ብላ ነው። የጦሩን ነው ወይስ አጥሩን የያዙትን ሴቶች? ግምገማው ሁለቱንም ካልጻፈ ጎደሎ ነው ትላለች።

መልስ 16። አገልግሎት ላይ የነበረ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ተቆጣ። ውስጥ የሠራውን ወታደር ትታችሁ ውጭ የጮኸውን ታከብራላችሁ አለ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በአስተባባሪው ተሰርዟል። የቀረው ግን ሊሰማ የሚገባ ነበር። በየምድቡ ለአዛዦች ቢሮ የሚደረገው ጥንቃቄ ለመካኒኮቹ ወርክሾፕ ሲደረግ አላየሁም ይላል።

መልስ 17። ጦሩ ሲወጣ ምን ይደረጋል ለሚለው ሦስት ምሳሌ በአንድ ትንፋሽ። የእንግሊዙ ቢስተር የቦምብ ጣይ ምድብ በ2013 ተሽጦ ዛሬ የድሮ መኪና ጠጋኞች ሃንጋሮቹ ውስጥ ይሠራሉ። የታሊን የባሕር አውሮፕላን ሃንጋሮች በ1916 እና 1917 የተሠሩ ስስ የኮንክሪት ጉልላቶች ናቸው፤ በሶቪየት ጊዜ ተጎሳቁለው በ2012 ሙዚየም ሆኑ። የበርሊኑ ቴምፕልሆፍ ደግሞ በናዚ ዘመን ኤርንስት ዛገቢል የነደፈው ሕንፃ ነው፤ በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። ከ1948 ጀምሮ ምግብና ከሰል ለተከበበው ምዕራብ በርሊን ከወረደባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። አንድ ሕንፃ ሁለት ተቃራኒ ትዝታ ይዟል።

መልስ 18። እንግሊዝ ውስጥ ባለው የዳክስፎርድ ምድብ በ1968 አንድ ታሪካዊ ሃንጋር ለፊልም ትዕይንት ተብሎ በፈንጂ መነሣቱን ነገረን። ዛሬ ቦታው ታዋቂ የአውሮፕላን ሙዚየም ነው፣ በሃንጋሮቹ ረድፍ መሐል ግን ክፍተት አለ። መልስ 13 ቢያንስ ፊልሙ ቀርቷል ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም፣ እኔ ግን ትንሽ ፈገግ አልኩ።

መልስ 19። ስለ መስኮት ብቻ ነው፣ ግን ጠለቅ ያለ መልስ ነው። በ1996 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ኮባር ታወርስ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 19 የአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ሞቱ፤ የቆሰሉት ደግሞ በአብዛኛው የተበተነ መስታወት የጎዳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሠራበት የጦር ሕንፃ መስኮት ፍንዳታ እንዲችል የሚያዝዘው ደንብ ጠበቀ። የ1930ዎቹ ቀጭን የብረት መስኮት ደግሞ የሕንፃው ፊት ነው። እሱ ከተነቀለ መልኩ ይጠፋል። ጸሐፊው የሚመርጠው የድሮውን ከውጭ ትቶ ከውስጥ ሁለተኛ ጠንካራ መስኮት መግጠም ነው። ውድ ነው፣ ግን ሁለቱንም ወገን ያስማማል። እዚህ ክር ውስጥ ነገ ጠዋት ሊሠራበት የሚችል ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው።

መልስ 20። የኔው ነው። ከመልስ 7 እና ከመልስ 12 አንድ ጥያቄ አወጣሁ። አንድ ምድብ ውስጥ ከአንድ ንድፍ የተሠሩ አምስት ሃንጋሮች ካሉና ለሁለቱ ብቻ ሥራም ገንዘብም ከተገኘ፣ የሚቀሩት የትኞቹ ናቸው? ብዙም ያልተነካው ወይስ ጣሪያው ደህና የሆነው?

መልስ 21። የመልስ 9 ሰው ተመለሱልኝ። ከረድፉ ጫፍ ያሉትን አታስቀር አሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ያዝ፣ ፊታቸው ካለው ማቆሚያ ጋር። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ሰው የሚሠራበት ይሁን። ለሚፈርሱት ሦስቱ ደግሞ ንድፉን ከምህንድስና ቢሮው ቀድመህ አውጣ፣ ምድብ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነውና። የበሮቹን መዘውርና ሐዲድ ነቅለህ ለቀሩት መለዋወጫ አስቀምጥ። ስለ መለዋወጫው ሌላ ማንም አላሰበም ነበር። የእንጨት በር ላላቸው ሃንጋሮች ይኸው ይሠራል ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። የምታውቁ ካላችሁ እሳቸውን ሳትጠብቁ መልሱልኝ።